አንድ መኝታ ወይስ ሁለት

ዘመሮ፣ ግንቦት 13 ቀን 1994 ዓ.ም.

ይድረስ ለእናቴ። ጉልበትሽ እንዴት ነው? ትንሣኤን በደህና ዋልሽ? እኛ ለሥጋችን ደህና ነን። ይህን ደብዳቤ ግን እባክሽ ዳዊትሽን እንደምታነቢው ለብቻሽ ሆነሽ አንብቢው፤ እህቴ እስከዳር እንኳ እንዳታየው።

እንደምታውቂው እኔና ባለቤቴ አባይነህ ከዓለም ከተማ በአሮጌዋ ፒካፕ የተነሣነው፣ ከዘጠኝ ዓመት ትዳር በኋላ በአያቶቹ ደብር አብረን ልንቆርብ ነው። መንገዱ ክፉ ነው፤ ሰዉ ግን! ቆላው ላይ ጎማ ቢፈነዳብን ጀላሉ የሚባል ነጋዴ ቤቱ አስገባን። እንድንበላለት ብሎ ዶሮውን በክርስቲያን ጎረቤቱ አሳረደልን። ስንሰናበተውም «ሌላ ጊዜም እዚሁ ደጄ ላይ ይፈንዳባችሁ» ብሎ ሳቀብን።

በማግስቱ ዘመሮ ልንደርስ ስንል ሞተሯ ጋለችና ውሃ ፍለጋ አንድ ግቢ ገባሁ። ሽማግሌው አባወራ አቶ መርስዔ ኃዘን ውሃውን ከመስጠታቸው በፊት የማን ልጅ እንደሆንኩ ጠየቁኝ። የምንይሉ ልጅ፣ የወልደ ጻድቅ የልጅ ልጅ አልኳቸው። «የእኛው ደም!» ብለው አገላብጠው ሳሙኝ። አባይነህ ተከትሎኝ ሲገባ እሱንም ጠየቁት። አያቱ አፈወርቅ እንደሚባሉና በጉብዝናቸው ወራት አርሲ እንደሄዱ ነገራቸው። ሽማግሌው አለቀሱ። ወልደ ጻድቅና አፈወርቅ እኮ የአንድ እናትና አባት ልጆች ናቸው፣ ተጠራርታችሁ አገራችሁን ልታዩ መጣችሁ አይደል ብለው፣ መልስ ሳይጠብቁ በግ ጎትተው አረዱ።

እኔና አባይነህ ተያየን።

ሚስታቸው ወይዘሮ ሸዋረጋ ቁርበት ይዘው ወጡና መኝታው አንድ ነው ወይስ ሁለት አሉ። አባይነህ «አንድ። ሚስቴ ናት» አለ። የበጉን ብልት ሲያወጡ የነበሩት ሽማግሌ ቢላዋውን እንደያዙ ቀሩ። «ሦስት ቤት» አሉ ቀስ ብለው። በጣታቸው ደግመው ቆጠሩ፤ ያው ሦስት። ያን ሥጋ ማንም አልቀመሰው። ወይዘሮ ሸዋረጋም ሁለት መኝታ፣ አንዱን ከዚህ፣ አንዱን ከዚያ አነጠፉልን።

ሦስት ቀን ሆነን። ደግነታቸው አልጎደለብንም። አባይነህ ግን ዓይኔን አያየኝም። ትናንት «ከእህቴ ጋር እንዴት እቆርባለሁ? እንዴትስ ወደ አንድ ቤት እመለሳለሁ?» አለኝ። እሑድ ብቻውን ወደ አርሲ ሊሄድ ነው።

እኔን ከዚህም በላይ ያስደነገጥሽኝ አንቺ ነሽ። አባይነህ እኔን ለጋብቻ ሊጠይቅ የመጣ ዕለት አባባ በሕይወት አልነበረም። የአያቱን ስምና አርሲ መሄዳቸውን አንቺው ጠይቀሽ አንቺው ሰማሽ። ጓዳ ገብተሽ ቆየሽ፤ ስትወጪ ዓይንሽ ቀልቶ ነበር። ከዚያ መረቅሽን። የአባባን ዘመዶችም ለሰርጉ ሳትጠሪ ቀረሽ። እስከዳርን በአምስት ቤት ዝምድና ከእጮኛዋ የለየሽ ሴት! ዘንግታ ነው እንዳልል፣ የአባባን ዘር እስከ ሰባት ቤት ከእሱ ይልቅ አንቺ ታውቂው ነበር። ይህን ለወይዘሮ ሸዋረጋ ስነግራቸው «እናትሽ ሞኝ አይደለችም» ብቻ አሉኝ።

እምዬ፣ የማን ልጅ እንደሆንኩ አልጠይቅሽም። አልፈርድብሽምም። አባባ አባቴ ነው፤ አቅፎ ያሳደገኝ እሱ ነው። ለእኔ መጻፍ ከከበደሽ ለነፍስ አባትሽ ንገሪያቸው፤ እሳቸውም ለዚህ ደብር ካህን «ሁለቱ ዝምድና የላቸውም» ብለው አንድ መስመር ይላኩ። ካህን ለካህን ሲልክ ምክንያቱን የሚጠይቅ የለም። ይህን የሚያደርስልሽ ሾፌር ከደብረ ብርሃን የሚመለሰው ዓርብ ነው። ባዶ እጁን ከመጣ አባይነህን ዝም ብዬ እሸኘዋለሁ፤ አንቺንም መልሼ አልጠይቅሽም።

እመቤታችን ጉልበትሽን ታጽናልሽ፤ ልብሽንም።

ምንም ቢሆን ያንቺው ልጅ