ያልተዘረጋው መስገጃ

ዱባይ ለምትገኚው እህቴ ፈትያ፣

አሰላሙ አለይኩም። እኛ ደህና ነን። የቦሌ ሚካኤሉ ሱቅ መጋረጃ ይሸጣል፤ ልጅሽ ሳናም ትሰፋለች።

ሰሞኑን የሴቶችን ጤና የሚያጠኑ ልጆች ታብሌት ይዘው መጡ። የሴቶች ጥያቄ ነው ብለው ከገዛ ሱቄ አስወጡኝ፤ ድምፃቸው ግን በሩ ላይ ይሰማኝ ነበር።

«የሚያስቸግርሽ ሕመም አለ?»

«ኧረ ደህና ነኝ፣ አልሐምዱሊላህ!» አለች ሳና። ይህንኑ መዝግበው ሄዱ።

ተናደድኩ። እኔ ሜትሬን ጨርቁ ላይ ሳላሳርፍ ለካሁ ብል ደንበኛ ይስቅብኛል። «ለምን እንዲህ አልሽ?» ብላት፣ «አጎቴ ደግሞ! ለማላውቃት ልጅ አላህን ልክሰስ እንዴ?» ብላ ሳቀችብኝ።

ፊቷ ገርጥቷል፤ ደረጃ ስትወጣ መሃል ላይ ቁጭ ትላለች። መስገጃዋም ከኢድ ወዲህ እንደታጠፈ ነው። ሴት በየወሩ ጥቂት ቀን ከሶላት እንደምታርፍ አውቃለሁ፤ ይህ ግን ሁለተኛ ወሩን ያዘ። እኔ ወንድ፣ ምን ብዬ ልጠይቃት?

ስትደውዪ «ደህና ነሽ ወይ?» አትበያት፤ መልሷን ታውቂዋለሽ። «መስገጃሽን መቼ ዘረጋሽ?» በያት። ሐኪም ቤት ማድረሱን ለእኔ ተዪው።

አላህ በጤና ያገናኘን።

ወንድምሽ ሰዲቅ