ስለ ደረቁ የመፈተሻ ገንዳ እና ስለምትጠብቁት ፊርማዬ

ለክቡር አቶ ኒቆዲሞስ፣
የኮረብታው ውሃ ማጠራቀሚያ ፕሮጀክት ማስተባበሪያ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣
ሐረር

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ በፊት እርስዎ፣ መላው ቤተሰብዎ፣ እንዲሁም በቢሮዎ ጠረጴዛ ላይ ያለው የፕላስቲክ አበባ እንደምን ሰንብታችኋል? አበባው ውሃ የማይጠይቅ በመሆኑ በመሥሪያ ቤትዎ ካሉት ሁሉ በተሟላ ጤንነት ላይ የሚገኘው እርሱ እንደሆነ እገምታለሁ።

እኔ ኪዳነወልድ ሙሉጌታ እባላለሁ። ዕድሜዬ ሰባ ስምንት ሲሆን የምኖረው አቦከር፣ እናንተ ከሠራችሁት ማጠራቀሚያ ሥር ባለው ሰፈር ነው። ትምህርት ቤት የገባሁት ግድግዳውን ልለስን ብቻ ነው፤ ፊደልም የለየሁት ከሲሚንቶ ከረጢት ላይ ነው። አርባ አንድ ዓመት የውሃ ገንዳና የውሃ ጉድጓድ ስለስን በመኖሬ የሰፈሩ ሰው በስብሰባ መርጦ የማጠራቀሚያውን የርክክብ ሰነድ በስሙ እንድፈርም ወከለኝ። መሥሪያ ቤትዎም በዚህ ወር ብቻ ሦስት ደብዳቤ ጽፎ ፊርማዬን ጠይቆኛል፤ በሦስተኛው ላይ «የልማት አደናቃፊ» የሚል ማዕረግ ጨምሮልኛል። እስከዚህ ዕድሜዬ ድረስ ማዕረግ የሰጠኝ መንግሥታዊ አካል ስላልነበረ ምስጋናዬ ወሰን የለውም።

መልሴን በአደባባይ የማደርገው የሰፈሬ ሰው ውሃ ያላገኘበትን ምክንያት ከእኔው እጅ እንዲያነበው ብዬ ነው። ነገሩ ቀላል ነው። እኔ ከፈረምኩ ማጠራቀሚያው ይሞላል፤ ካልፈረምኩ ባዶውን ይቆማል። ከማጠራቀሚያው ግድግዳ አራት እርምጃ ዝቅ ብሎ ደግሞ የጎረቤቴ የወይዘሮ ሳዳ ቤት አለ። ግድግዳው በድንጋይና በጭቃ የተሠራ ስለሆነ ከላይ የሚሰርግ ውሃ ቢመጣበት የሚመክትበት አቅም የለውም። እንግዲህ በእርስዎ መልካም ፈቃድ ቅሬታዎቼን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩. ስለ ከሱት ኮንክሪቶች። እንደሚያውቁት (ካላወቁም ነውር የለውም፤ እኔም አንድ ቀን አላውቅም ነበር) የማጠራቀሚያው ውስጠኛ ግድግዳ ውሃ ወደ ኮንክሪቱ እንዳይገባና ብረቱን እንዳያዝገው የሚከላከል ቅብ ተቀብቷል። ቅቡ ሥራውን መሥራቱ የሚታወቀው በቀላል ፈተና ነው፤ የተቀባ የኮንክሪት ናሙና በደረቁ ይመዘናል፣ ሃያ ስምንት ቀን ውሃ ውስጥ ይቀመጣል፣ ወጥቶ እንደገና ይመዘናል። የጨመረው ክብደት የጠጣው ውሃ ነው። ከርክክብ ሰነዱ ጋር አያይዛችሁ በላካችሁልኝ ውጤት ላይ ግን የመጀመሪያው ናሙና ስምንት ኪሎ ከመቶ ሃያ ግራም ሆኖ ገብቶ ስምንት ኪሎ ከአርባ ግራም ሆኖ ወጥቷል። ሁለተኛውና ሦስተኛውም እንዲሁ ቀለው ወጥተዋል። በሥራ ዘመኔ ሁሉ ሃያ ስምንት ቀን ውሃ ውስጥ ተቀምጦ የከሳ ኮንክሪት አጋጥሞኝ አያውቅም። ከሥሩ አምስት የተማሩ ሰዎች ፈርመው «እጅግ አጥጋቢ» የሚል አስተያየት አስፍረዋል። ማኅተሙ በቁጥሮቹ ላይ ስላረፈ ሳይታያቸው ቀርቶ ይሆናል ብዬ በበጎ ተረጎምኩላቸው።

፪. ስለ ገንዳው። ቁጥሩ እንቅልፍ ስለነሳኝ ዱላዬን ይዤ ወደ መፈተሻ ክፍላችሁ ሄድኩ። የክፍሉ ባለሙያ አቶ ናስር በትሕትና ተቀብለው ገንዳውን አሳዩኝ። ሦስቱ ናሙናዎች እንደ ታዛዥ ተማሪ ተደርድረው ተቀምጠዋል፤ አጠገባቸው መጥረጊያና አንድ እግር ጫማ አለ፤ ውሃ ግን የለም። ጣቴን በገንዳው ወለል ላይ ብሰድ አቧራ ይዞ ተመለሰ፤ ለካ ኮንክሪቶቹ የከሱት ውስጣቸው የነበረው እርጥበት ደርቆ ነው። ውሃው የት ሄደ ብዬ ስጠይቃቸው አቶ ናስር ምንም ሳይደብቁ «ኧረ ጋሼ፣ የምን ውሃ? ቧንቧው በወሩ ውስጥ የመጣው ሁለቴ ነው፤ እሱንም ለመጸዳጃ ቤት ያዝነው» አሉኝ። ታዲያ እንዴት ውጤት ተጻፈ ብላቸው ቅጹን አውጥተው «ውሃ አስገብቷል ወይስ አላስገባም ነው የሚለው፤ እኔም አላስገባም አልኩ፤ ወላሂ ጋሼ አንድ ጠብታ አልገባበትም!» ብለው ማሉልኝ። እውነታቸውን ነው። ስለዚህ እኒህን ሰው እንዳይቀጡብኝ አጥብቄ እለምናለሁ፤ በዚያ ሰነድ ላይ ከፈረሙት ሁሉ ሐሰት ያልጻፉት እርሳቸው ብቻ ናቸው። መሥሪያ ቤትዎም ቢሆን ከሁለቱ የፈተናው ክፍሎች አንዱን በሚገባ ፈጽሟል፤ ውሃው ቢጠፋም ሃያ ስምንቱ ቀን አንድም ሳይጎድል ተቆጥሯል።

፫. ስለ በርሜሌ። ሰው ሳያጣራ ተናገረ እንዳልባል ሠራተኞቹ ጥለውት ከሄዱት የቅብ ቆርቆሮ ሥር የተረፈውን ጠርጌ ወሰድኩ። ሦስት ኮንክሪት በእንጨት ቅርጽ ሞልቼ፣ እንደ ደንቡ ውሃ አጠጥቼ፣ አድርቄ፣ ሁለቱን ቀባሁ፤ አንዱን ራቁቱን ተውኩት። ከዚያም ለቤታችን ካጠራቀምነው ውሃ በርሜል ሞልቼ ነከርኳቸው። ልጄ ጽጌሬዳ «አባባ፣ እኛ በጣሳ እየታጠብን ድንጋይ ይዋኛል?» ብላ አራት ቀን አኮረፈችኝ። ኩርፊያዋንም ለእርስዎ ጽሕፈት ቤት ሥራ የተከፈለ መሥዋዕትነት አድርገው ይመዝግቡልኝ። በዘጠነኛው ቀን ቅቡ በእሳት እንደተለበለበ ጣት ውሃ ቋጠረ። በአሥራ ሰባተኛው ቀን በጥፍሬ ስነካው እንደ ተቀቀለ ድንች ልጣጭ ተገፈፈ። በሃያ ስምንተኛው ቀን ሦስቱንም ጊደር መጋላ ገበያ፣ ወይዘሮ ሳዳ በርበሬና እርድ ወደምትሸጥበት ቦታ ወስጄ መጀመሪያ በመዘንኩበት በዚያው ሚዛኗ መዘንኳቸው፤ አንዲት ገበያተኛም «ይሄኛው ኪሎው ስንት ነው?» ብላ ተከራከረችኝ። ራቁቱ ሦስት መቶ አሥር ግራም ውሃ ጠጥቷል። የተቀቡት አንዱ ሦስት መቶ፣ ሌላው ሁለት መቶ ዘጠና ጠጥተዋል። እንግዲህ ቅባችሁ ከውሃው ላይ የከለከለው አንድ ጉንጭ ያህል ነው።

ቅቡ መጥፎ ነው አልልም፤ የእኔ በርሜል ላብራቶሪ አይደለም። ምናልባት በቆርቆሮው ሥር ሲቆይ ተበላሽቶ ይሆናል፤ ምናልባት ሲጀመርም በትክክል አልተበጠበጠም። የእኔ አቀባብ ግን አይደለም። የምለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አልተፈተነም።

፬. ስለ ውጫዊው ውበት። የማጠራቀሚያው ውጫዊ ግድግዳ በሰማያዊ ቀለም ተቀብቶ ትልቅ የውሃ ጠብታ ተስሎበታል። ሥዕሉ እስከ ዛሬ በሰፈራችን ከታየው ውሃ ሁሉ ትልቁ በመሆኑ ሕፃናት እየሄዱ ይጎበኙታል። እናመሰግናለን።

፭. ስለ ስሜ። ቧንቧችን ከደረቀ ዛሬ አሥራ አንድ ቀኑ ነው። ከመሥሪያ ቤትዎ የመጡ ሰዎች በየቤቱ እየዞሩ «ውሃውን የከለከላችሁ ጋሽ ኪዳነወልድ ነው» ብለው ነግረዋል። ስለ ቅልጥፍናቸው አደንቃቸዋለሁ፤ ውሃው በየቤቱ በዚህ ፍጥነት ቢዳረስ ኖሮ ይህ ሁሉ ወረቀት ባላስፈለገ። ከዚያ ወዲህ ሰላምታዬን የሚመልስልኝ ሰው ጥቂት ነው። ወይዘሮ ሳዳ እንኳ፣ ከሁሉ በፊት አደጋው የሚደርስባት እርሷ ሆና ሳለ፣ ደጃፌ ላይ ባዶ ጄሪካኗን አስቀምጣ «ኧረ አቦ ጋሼ፣ ይፈርሙና ውሃ እንጠጣ! ግድግዳው ቢወድቅ ኢንሻአላህ ይሠራል፤ እኔ ልጆቼን በምን ልጠብ?» አለችኝ። ክቡር ሆይ፣ የእርስዎ ሦስት ደብዳቤዎች አንድ ላይ ሆነው ያላደረጉትን ይህች ጄሪካን አድርጋለች፤ ብዕሬን አውጥቼ ነበር። ከዚያ ግን ከቤቷ ጀርባ ሄጄ ግድግዳውን አየሁት። ልጆቿ የሚተኙት ከእርሱ ጥግ ነው። ብዕሬን ወደ ኪሴ መለስኩ።

ባለፈው እሑድ ሰፈሩ ለምን እንደማልፈርም ሊጠይቀኝ ተሰበሰበ። ብዙ መናገር ስለማልወድ የተገፈፈውን ቅብ በእጃቸው እያዞሩ እንዲያዩት ሰጠኋቸው፤ ስለ ደረቁ ገንዳም ነገርኳቸው።  ከዚያ ወይዘሮ ሳዳ ቅቡን በሁለት ጣቷ አንጠልጥላ «ወይኔ ምስኪኖች! ውሃ አጥተው ነዋ! እኛው እንስጣቸዋ፤ ሰደቃ ነው፣ አላህ ይቀበልልናል» አለች። ሰው ሁሉ በሳቅ ፈረሰ። ሳቁ ሲያበቃ ግን አንድ አዛውንት ተነሥተው «የምሬን ነው፣ እኔ አንድ ጄሪካን አለኝ» አሉ። ሌላውም ተከተለ።

በዚህም መሠረት የሚከተለውን በአክብሮት አስታውቃለሁ። አቶ ናስር ገንዳው ሠላሳ ጄሪካን እንደሚይዝ ነግረውኛል። አሥራ አንድ ቀን ውሃ ያላየው ሰፈር ከየጓዳው፣ ከየድስቱና ከየበርሜሉ ሥር ጠርጎ ሠላሳ ጄሪካን ሞልቷል፤ ሠላሳኛው የወይዘሮ ሳዳ ነው። ሰኞ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት በባጃጆች ጭነን በሸዋ በር በኩል ወደ መሥሪያ ቤትዎ እናመጣለን። የምንለምንዎ በሩ እንዲከፈትልን፣ ገንዳው እንዲጠረግልንና ያቺ አንድ እግር ጫማ ለባለቤቷ እንድትመለስ ነው። ናሙናዎቹ እኔ ባለሁበት ይነከራሉ፤ እኔ ባለሁበትም ወጥተው ይመዘናሉ። ሰፈሩ ሃያ ስምንት ቀን ጨምሮ ከሩቅ ቧንቧ ውሃ በጀርባው እየተሸከመ ለመጠበቅ ተስማምቷል።

ቅቡ ፈተናውን ካለፈ በዚያው ቀን እፈርማለሁ፤ ከዚያም ሸዋ በር ላይ፣ የሚኒባስ ረዳቶች በሚጮኹበት ቦታ ቆሜ፣ ከእነርሱ ድምፅ በላይ እርስዎን ስምዎን ጠርቼ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ከዚህ በፊት ይቅርታ የጠየቅኩት አንድ ጊዜ ብቻ ሲሆን እሱም ሟች ባለቤቴን ነው። ቅቡ ካላለፈ ደግሞ ተፍቆ ይወርድና እንደገና ይቀባል፤ ለመፋቁ ሥራ አሮጌ መላጫዬን ይዤ ያለ ክፍያ እገኛለሁ። ከእነዚህ ከሁለቱ ውጪ ባለ መንገድ ፊርማዬን ለማግኘት ካሰባችሁ ግን እጄን ብቻዋን መውሰድ ይኖርባችኋል፤ እኔ አብሬያት አልመጣም።

ጊዜዎን ስለሰጡኝ፣ ባይሰጡኝም ስለወሰድኩት፣ ጥልቅ አክብሮቴን እየገለጽኩ፣ ማኅተምዎ እንዳይደርቅ፣ ወንበርዎ እንዳይነቃነቅ፣ ገንዳዎም ከሰኞ ጀምሮ እንዲሞላ ከልብ የምመኝ፣

ታዛዥዎ ያልሆንኩት፣ አክባሪዎ ግን የሆንኩት፣
ኪዳነወልድ ሙሉጌታ
ለሳኝ፣ አቦከር

ተጨማሪ ማስታወሻ፦ ሰፈራችን ውሃ እያጠራቀመ ነው የሚለው ወሬ መሥሪያ ቤትዎ ደርሶ ኖሮ፣ ትናንት የሻይ ክበባችሁ ኃላፊ ለወይዘሮ ሳዳ ስልክ ደውለው «እናንተ ጋ ውሃ አለ አሉ፤ ለሠራተኛው ሻይ የሚሆን አንድ ጄሪካን ብታቀምሱን» ብለው ጠይቀዋል። ሠላሳ አንደኛውን ጄሪካን ጨምረናል። እርስዎም ሻይዎን እስኪጠግቡ ይጠጡ፤ ጄሪካኑን ብቻ ይመልሱልን።