የመኪናችንን ዋስትና ስለሰረዙልን የቀረበ ምስጋና

ለተከበሩ የተራዘመ ዋስትና ክፍል ዋና ኃላፊ፤

ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎን ጤና፣ የቤተሰብዎን ጤና፣ እንዲሁም በርዎ ላይ ተቀምጣ ቀኑን ሙሉ ‹ስብሰባ ላይ ናቸው› የምትለውን የጸሐፊዎን የጉሮሮ ጤና አጥብቄ እጠይቃለሁ። እኛ ሁላችንም ደህና ነን። የመኪናችንን ነገር ግን ቀስ ብዬ እደርስበታለሁ።

ጽሑፌ ላይ ስህተት ቢያገኙ እንዳይቀየሙኝ፤ እኔና ትምህርት ቤት ስምንተኛ ክፍል ላይ በሰላም ተለያይተናል። የእርስዎን የዋስትና መጽሐፍ ግን ከዳር እስከ ዳር ሦስት ጊዜ አንብቤዋለሁ፤ አስተማሪዎቼ ይህን ቢሰሙ አያምኑም።

ነገሩ እንዲህ ነው። አክስቴ የተማሪ ዩኒፎርም የምትሰፋ ልብስ ሰፊ ናት፤ የሰፋችውን ለትምህርት ቤት የምታደርስባት አንዲት ትንሽ የዕቃ መኪና አለቻት። የፋብሪካው ዋስትና ሊያልቅ አንድ ወር ሲቀረው የእርስዎ ሻጭ፣ እኛ ቤት ‹ማር ምላሱ› የሚባለው፣ መጣና ‹እትዬ፣ ይቺን ፈርመው ከዛሬ ጀምሮ ለጥ ብለው ይተኙ› አላት። አክስቴም ለሁለተኛ የስፌት ማሽን ያጠራቀመችውን አውጥታ ፈረመች። እኔማ ጎረቤት ሁሉ ‹ለመሆኑ ዋጋው ይገባዋል?› እያለ ስለሚጠይቀኝ፣ መልሱን በቁጥር እንደሚከተለው አቅርቤያለሁ።

አንደኛ፦ መጽሐፍዎ አርባ ሁለት ገጽ ነው። የመጀመሪያው ገጽ ‹ሁሉም ነገር ይሸፈናል› ይላል፤ የቀረው አርባ አንድ ገጽ ‹ከሚከተሉት በስተቀር› ይላል። የሚንቀሳቀስ ዕቃ ሁሉ ስለሚያልቅ አይሸፈንም፤ የማይንቀሳቀስ ዕቃ ደግሞ ስለማይበላሽ መሸፈን አያስፈልገውም። ፈልጌ ፈልጌ ከዚህ ሁሉ የተረፈ አንድ ነገር አገኘሁ፤ የሲጋራ መተርኮሻው። ቤታችን የሚያጨስ ሰው የለም፤ የተከፈለበት ነገር ሜዳ ላይ እንዳይቀር እኔ ልጀምር ብዬ ሐሳብ ባቀርብ አክስቴ በሜትር እንጨቷ አባረረችኝ።

ሁለተኛ፦ ገጽ አሥራ ዘጠኝ ‹በጥንቃቄ ያልተያዘ መኪና ዋስትናው ይሰረዛል› ይላል። እዚህ ላይ ጥፋቱ የእርስዎ ብቻ አይደለም፤ አክስቴን አያውቋትም። አክስቴ ሶፋዋ ላይ ከነላስቲኩ አሥር ዓመት የተቀመጠች፣ የቴሌቪዥኑን ሪሞት በፌስታል ጠቅልላ የምትነካካ ሴት ናት። ‹በጥንቃቄ› የምትለዋን ቃል እንዳየች መኪናዋን ግቢ ውስጥ አቆመቻትና ከዩኒፎርም በተረፈ ሰማያዊ ጨርቅ ልብስ ሰፍታ አለበሰቻት፤ ኪስ ሳይቀር አወጣችላት። ከዚያ በኋላ ዋስትናው እንዳይበላሽ ብለን ዩኒፎርሙን በጋሪ ማመላለስ ያዝን። የአክስቴ ባል አልፎ አልፎ ገብቶ ሬዲዮ ይሰማባት ነበር፤ እሱም ‹ታደክማታለህ› ተብሎ ታገደ። አምስት ወር ሙሉ እንዲህ ከረምን። የሰፈራችን ዘበኛ ‹እናንተ ሰዎች፣ ያላችሁ መኪና ነው ሐውልት? መቼ ነው የሚመረቀው?› እያለ መሳቂያ አደረገን።

ሦስተኛ፦ ሐሙስ ዕለት የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህርት ደወሉ። ሁለት መቶ አሥራ ሁለቱ ዩኒፎርም ሰኞ ጠዋት ከደወል በፊት ካልደረሰ ሥራውን ለሌላ ሰፊ እንደሚሰጡት ነገሯት። ይህ ሥራ የአክስቴ የዓመት ጉርስ ነው፤ እኔም የምበላው ከዚያው ነው። ጋሪው ያን ሁሉ አይችለውም። ስለዚህ መኪናዋን ልብሷን አውልቀን ቁልፍ ብናዞር አንዴ ‹እህ› ብላ ዝም አለች።

ወደ መሥሪያ ቤትዎ ደወልን። ተጎትቶ የመጣ መኪና እንደማይሸፈን፣ በራሷ ጎማ ተንከባልላ መምጣት እንዳለባት በትሕትና ተነገረን። እኛ ደግሞ ታዛዦች ነን፤ አርብ ማለዳ እኔ፣ የአክስቴ ባል፣ ዘበኛውና የሰፈራችን ባለሉካንዳ ሆነን በዋናው መንገድ ገፋናት። አክስቴ መሪው ላይ ሆና ‹ቀስ! ቀስ! ትደክማለች እኮ!› ትለናለች፤ ስለ እኛ ድካም ግን በመጽሐፉ አንዲት መስመር አልተጻፈም። ቁልቁለቱ ላይ ጥላን ሄደች፤ ያን ያህሉን መንገድ እንኳ በእውነት ራሷ ናት የመጣችው።

ባለሙያዎ ነጭ ጋዋን ለብሶ ወጣ፤ ኮፋኖዋ ላይ እጁን አሳረፈና እንደ ሐኪም ራሱን ነቀነቀ። ከዚያም ‹በመቆም ብዛት ተበላሽታለች፤ መቆም በዋስትናው አይሸፈንም› ብሎ ጻፈ። እየነዳናት ብትበላሽስ ብዬ ብጠይቀው ‹መንዳት ያደክማል፤ እሱም አይሸፈንም› አለኝ። ታዲያ ስትቆምም ስትሄድም ካልሆነ የምትሸፈነው መቼ ነው ስለው፣ እግዜር ይስጠው፣ ከልቡ አሰበበት፤ እስክሪብቶውን ነክሶ ብዙ ከቆየ በኋላ ‹ስትሸጥ› አለኝ።

አራተኛ፦ አራተኛ ቅሬታ አልነበረኝም፤ ሦስት ብቻ ለእርስዎ ክብር ያንሳል ብዬ ነው። የእንግዳ ማረፊያችሁ ወንበር ይቆረቁራል።

አሁን ወደ ምስጋናዬ ልለፍ። መኪናዋን ገፍተን ስንመለስ (ዳገቱን አይጠይቁኝ) የጥጉ መካኒክ፣ ‹ጥላሸት› የምንለው፣ አይቶ አስቆመን። ጥላሸት ቢሮ የለው፣ ጋዋን የለው፤ ኮፋኖዋን ከፍቶ ከት ብሎ ሳቀ። ባትሪዋ ሞቷል፤ አይጥ ደግሞ ሽቦዋን በልታ፣ ከአክስቴ ሰማያዊ ጨርቅ ጎጆ ሠርታ ሦስት ልጆች ወልዳለች። ቅዳሜ ከምሳ በፊት ጨረሰ፤ ባትሪውን ጨምሮ የጠየቀን ሒሳብ ለዋስትናው ከከፈልነው አንድ አሥረኛውን አይሞላም። ሰኞ ዩኒፎርሙ በሙሉ ከደወሉ በፊት ደረሰ፤ ርዕሰ መምህርቷም የሚቀጥለውን ዓመት ሥራ እዚያው በር ላይ ቆመው አጸደቁላት።

ማክሰኞ የእርስዎ ደብዳቤ መጣ። ባልተፈቀደለት መካኒክ ስላስነካናት ዋስትናው ከዕለቱ ጀምሮ ተሰርዟል ይላል። አክስቴ ሁለት ጊዜ አስነበበችኝ። ታለቅስ ይሆን ብዬ ስፈራ ‹ተገላገልን በለኛ!› ብላ ቁልፏን አንስታ ወጣች። ዳቦ ቤቱ ከበራችን አርባ እርምጃ ነው፤ በመኪና ሄደች፣ በመኪና ተመለሰች፣ ዳቦው በቂ ነበር፣ ደግማ ሄደች።

ይኸው ዋስትና የሌላት መኪናችን በየቀኑ ትሠራለች። ዋጋው ይገባዋል ወይ ለሚሉኝ ሁሉ መልሴ አጭር ነው፤ መግዛቱ አይገባውም፣ መሰረዙ ግን ከከፈልነውም በላይ ያወጣል።

በአንዲት ፊርማ እንጀራችንን ወደ ቦታው የመለሱልን ጌታዬ ሆይ፣ ዕድሜዎን እንደ መጽሐፍዎ ‹በስተቀር› ያብዛልዎ እያልኩ፣ ከወገቤ ጎንበስ፣ ከአንገቴ ሰበር ብዬ፣ ወገቤ ከመግፋቱ ገና ስላላገገመ በዝግታ ቀና እላለሁ።

ምንጊዜም አክባሪዎ፣
በኋላ በኩል የገፋው፣ የልብስ ሰፊዋ የእህት ልጅ

ማስታወሻ፦ ማር ምላሱ ትናንት ብቅ ብሎ መሥሪያ ቤትዎ ለማቀዝቀዣም የተራዘመ ዋስትና መሸጥ መጀመሩን አበሰረን፤ ለአክስቴ ባልም አንድ ሸጠለት። ማቀዝቀዣው እንዳይደክም ከሶኬት ተነቅሏል። ውስጡ ሁለት ኪሎ ሥጋ አለ። የመሰረዝ ችሎታዎን በዓይኔ ስላየሁ፣ እባክዎ ሳይሸት ይድረሱልን።