መቶ ሃያ ካርድ በጋዎኔ ኪስ

ጥር 7

እንደ ወትሮው መድኃኒት ቤቱን ጠርጌ፣ መደርደሪያውን ወልውዬ ቤቴ ገባሁ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ያው ነው። ዛሬ ግን ባዶ የመድኃኒት ካርቶኖቹን አልጣልኳቸውም። ልጄ ቆራርጣ ካርድ አደረገችልኝ። ከፊት ፋብሪካው ያተመው ስም አለ፤ ከጀርባ ለምን እንደሚሰጥ፣ ከምን ጋር እንደማይወሰድ ጻፈችበት። መቶ ሃያ ናቸው። የፋርማሲ ረዳትነት ፈተናው መጋቢት 3 ነው። ካለፍኩ መድኃኒት ማደያው መስኮት ጋ እቆማለሁ። ከወደቅኩ ቦታው ለውጭ ሰው ይሰጣል፣ እኔም ከመጥረጊያዬ ጋር... አይ፣ አልወድቅም።

ጥር 19

ሃምሳኛው ካርድ ላይ ደረስኩ። ፋርማሲስቱ ካርዶቹን ስገላብጥ አየኝ።

«እትዬ፣ ቁማር ጀመርሽ እንዴ?»

«አዎ። ደሞዝህን ልበላልህ ነው።»

ሳቀ። ይሳቅ።

የካቲት 12

መቶ ሃያውንም! አንድ አልሳትኩም። በዚህ ዕድሜዬ! መንገድ ላይ ብቻዬን ፈገግ እያልኩ መጣሁ፤ ያየኝ ሰው አብዳለች ይበል።

የካቲት 14

ቅስሜ ተሰበረ። ልጄ ስሞቹን በነጭ ወረቀት ላይ ገልብጣ ጠየቀችኝ። ከመቶ ሃያው የመለስኩት ሠላሳ አንድ።

«እማዬ፣ አንቺ እኮ ያጠናሽው ቀለሙን ነው።»

እውነቷን ነው። ሰማያዊው ለግፊት፣ ባለ ቀይ መስመሩ ለስኳር... ስሙን መች አነበብኩት?

«ፋብሪካው ካርቶኑን ቢቀይርስ? ሰው ልትገድዪ ነው?»

እንዲህ ይባላል ለእናት?

የካቲት 15

አኮረፍኳት። ልክ ስለሆነች።

የካቲት 16

ካርቶኖቹን ጣልኩ። አዲሶቹን በነጭ ወረቀት፣ በአንድ ጥቁር እስክሪብቶ፣ በራሴ እጅ ጻፍኩ። እጄ ዝሏል። ልጄ ሻይ አቀበለችኝ፤ ተቀበልኳት። እንግዲህ ታረቅን ማለት ነው።

የካቲት 27

ካርዶቹን በየቀኑ እበውዛቸዋለሁ። ያወቅኩትን በጋዎኔ ግራ ኪስ፣ የሳትኩትን በቀኝ ኪስ። ቀኙ በማግስቱ ይደገማል። ዛሬ ቀኙ ውስጥ የቀሩት ዘጠኝ ብቻ ናቸው።

መጋቢት 3

ተፈተንኩ። ወረቀቱን ስገልጥ ነጭ ላይ በጥቁር የተጻፈ ስም ብቻ... ሳቄ መጣ። ፈታኟ አፈጠጠችብኝ።

መጋቢት 11

አለፍኩ። ከሃምሳ አርባ ስድስት። ልጄ ተጠምጥማብኝ አለቀሰች፤ እኔም አለቀስኩ። ኮርቻለሁ። በራሴ ኮርቻለሁ፣ ይኸው ጻፍኩት።

መጋቢት 24

መስኮቱ ላይ አራተኛ ቀኔ። ወረፋው በር ድረስ ነበር። አንድ አባት ከሁለት ሐኪም የተጻፉ ሁለት ማዘዣዎች ሰጡኝ። አንዱ ዋርፋሪን፣ ደም የሚያቀጥነው። ሌላው ሜትሮኒዳዞል፣ የኢንፌክሽን መድኃኒት። ሁለተኛውን ላወርድ እጄን ዘርግቼ ቆምኩ። ፋርማሲስቱን ጠራሁት።

«እነዚህ ሁለቱ አብረው አይሄዱም። ደም ያፈሳሉ።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«ነኝ።»

ከኋላ «ኧረ ፍጠኑ» የሚል ነበር። ለአባት ወንበር ሰጠኋቸው። ፋርማሲስቱ ወፍራሙን መጽሐፍ አወጣ፣ በጣቱ እየተከተለ አነበበ፣ ከዚያ ስልኩን አንስቶ ሁለተኛውን ላዘዘው ሐኪም ደወለ። ሐኪሙ ሁለተኛውን መድኃኒት በሌላ ቀየረላቸው። አባት መርቀውኝ ሄዱ።

እሱ መጽሐፍ ገለጠ። እኔ አልገለጥኩም።