በሃምሳ ዓመታቸው በቱርክኛ አፍ የፈቱት አቶ ስዩም ይማም

አቶ ስዩም ይማም ከአባታቸው ከአቶ ይማም አሊና ከእናታቸው ከወ/ሮ ብዙነሽ አያሌው በሀብሩ ወረዳ ውርጌሳ ኅዳር 12 ቀን 1958 ዓ.ም. ተወለዱ። ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ መርሳ ገብተው እስከ ስምንተኛ ክፍል ተማሩ። ለምን እንዳልገፉበት ሲጠየቁ “ሞተር ጠርቶኝ ነው” ይሉ ነበር፤ እውነቱ ግን የጣላቸው የእንግሊዝኛ ፈተና ነው። ይህን ለመጻፍ የተደፈረው እሳቸው ራሳቸው እየሳቁ ለሁሉም ያወሩት ስለነበር ነው።

በአሰብ መስመር በጭነት መኪና ረዳትነት፣ ቀጥሎም በሾፌርነት ሠሩ። በ1980 ዓ.ም. ከወ/ሮ ጽጌ ደምሴ ጋር ትዳር መሥርተው ምሕረትን፣ ናትናኤልንና ቃልኪዳንን አፈሩ። በ1986 ዓ.ም. መርሳ ላይ ጋራዥ ከፈቱ። መኪናው ገና በር ላይ ሳይቆም “ይሄ ሁለተኛው ፒስተን ነው” ይሉ ነበር፤ ከወልድያ እስከ ውርጌሳ ያለ ሾፌር የሚያምነው ከእጃቸው ይልቅ ጆሯቸውን ነው።

በጥር 2008 ዓ.ም. የባቡር ሐዲድ ከሚሠራ የቱርክ ድርጅት ዘንድ በመካኒክነት ተቀጠሩ። አለቃቸው አቶ ሪዛ የሚባሉ፣ በቱርክ የጥቁር ባሕር ዳርቻ ያለችው የትራብዞን ከተማ ሰው ነበሩ። አቶ ሪዛ አማርኛ አያውቁ፣ አቶ ስዩም ቱርክኛ አያውቁ፤ ሁለቱም የሚያውቁት ሞተር ብቻ ነበር። አቶ ስዩም ያኔ ሃምሳ ዓመታቸው ነበር።

ደብተር አልገዙም፣ አስተማሪም አልፈለጉም። አቶ ሪዛ ሲቆጡ እንዴት እንደሚናገሩ፣ ሲያሾፉ ድምፃቸውን የት ላይ እንደሚያነሡ አዳምጠው፣ ምሳ ሰዓት መኪና ሥር ተንጋለው ለብቻቸው ይደግሙት ነበር። ጎረቤታቸው ጎሚስታው አቶ ዓሪፍ “ወላሂ ስዩምን ጂን ሳይለክፈው አልቀረም” ብለው ለወ/ሮ ጽጌ እስከ መንገር ደርሰዋል።

ወልድያ የእንግሊዝኛ መምህርት የሆነችው ልጃቸው ምሕረትም አልተቀበለችውም። “አባባ፣ ከልጅነት በኋላ ቋንቋ የጀመረ ሰው ይግባባበታል እንጂ እንደ ተወላጁ አይናገረውም። የተጠና ነገር ነው፤ ባይደክሙ ይሻላል” አለቻቸው። እሳቸውም “ያጠኑት ሰዎች መርሳ መጥተው ነበር እንዴ?” ብለው መለሱላት።

በሁለተኛው ዓመት ከአንካራ አዲስ የመጡ መሐንዲስ ስለ መለዋወጫ ዕቃ ግማሽ ሰዓት ያህል በስልክ አወሯቸው። በማግስቱ የድርጅቱ ካምፕ ደርሰው “ትላንት ያነጋገርኩት ያ የትራብዞን ሰው የት አለ?” እያሉ አቶ ስዩምን አልፈው ሄዱ። አቶ ስዩም ይህን በደስታ ያልነገሩት ሰው መርሳ ውስጥ አልተገኘም። ምሕረትም ተሸነፈች፤ መሸነፏን ግን በቶሎ አላመነችም።

በመጋቢት 2010 ዓ.ም. አንድ ቀን ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የካምፑ ስልክ ጮኸ። የአቶ ሪዛ ወንድም ናቸው። አቶ ሪዛ ሥራ ቦታ ወጥተው ስለነበር አቶ ስዩም አነሡት። ወንድምየው የአገራቸውን ሰው ያገኙ መስሏቸው “እናታችን ዛሬ አረፈች። እስከ ነገ ማታ እንጠብቀዋለን፣ አሁኑኑ ይነሣ” ብለው እያለቀሱ ዘጉት።

አቶ ስዩም የወሎ ሰው ናቸው። ባገራቸው መርዶ በሥራ መሐል፣ ብቻውን ለቆመ ሰው አይነገርም፤ ጎሕ ሲቀድ፣ ሽማግሌ ይዞ፣ ደግፎ የሚይዘው ሰው ባለበት ነው እንጂ። ስለዚህ ቅሬ ወደሚባለው የሰፈሩ ዕድር ዳኛ ወደ ሼህ ጀብሪል ሮጡ። ክርስቲያኑም እስላሙም ተጠራርቶ በማግስቱ ማለዳ አሥራ አንድ ሰው ጋቢውን ተከናንቦ ካምፑ በር ላይ ተገኘ። አቶ ስዩም በቱርክኛ አረዱ። እንዲያ ያለ ቱርክኛ ከዚያ በፊት አልተናገሩም፤ አቶ ሪዛ አንገታቸው ላይ ተጠምጥመው አለቀሱ።

ከዚያ ቀና ብለው “መቼ ሰማህ?” አሏቸው። “ትላንት በዘጠኝ ሰዓት።”

አቶ ሪዛ ያኔውኑ ተነሥተው ሄዱ፤ ሲደርሱ እናታቸው ከተቀበሩ አድረዋል። በወሩ ሲመለሱ አቶ ስዩምን በአስተርጓሚ አነጋገሯቸው። “ንግግሬን ከኔ እኩል ታውቃለህ። እኛ ዘንድ ግን የእናት ሞት አንዲት ሰዓት እንኳ አይደበቅም፤ ይህን ሳታውቅ ምኑን አወቅኸው?” አስባሏቸው። ከዚያ በኋላ በቱርክኛ አላናገሯቸውም። አቶ ስዩም በዚያ ሰሞን “ለክብሩ ብዬ ነበር፣ እናቱን ነጠቅሁት” እያሉ አለቀሱ። እኛ ልጆቻቸው የአባታችንን እንባ ያየነው ያን ጊዜ ነው።

ግን አልተውትም። ቱርካዊውን የካምፑን ምግብ አብሳይ እየተከተሉ ሀዘንተኛ ቤት ምን እንደሚባል፣ ስንተኛው ቀን እንደሚታሰብ፣ ምን እንደሚበላ ጠየቁ። የአቶ ሪዛ እናት ሙት ዓመት ሲደርስ ወ/ሮ ጽጌ በቱርኮቹ ወግ ዱቄቱን በቅቤ አምሰው ሐላዋ ሠሩ፤ ባልና ሚስት ተሸክመው አቶ ሪዛ በር ላይ ቆሙ። አቶ ስዩም አንድ ቃል አልተናገሩም። አቶ ሪዛ ቀመሱና በቱርክኛ “ግባ፣ ወንድሜ” አሏቸው። ምሕረት አባቷ እንደ ተወላጁ ተናገሩ የምትለው ዝም ካሉበት ከዚያ ቀን ጀምሮ ነው።

አቶ ሪዛ አገራቸው ከተመለሱ በኋላም በየሳምንቱ ይደዋወሉ ነበር።

አቶ ስዩም ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በኩላሊት ሕመም ሲሠቃዩ ቆይተው፣ መጨረሻውን ሲያውቁት ምሕረትን አልጋቸው አጠገብ አስቀመጡና “ለሪዛ ያንኑ ሰዓት ትደውያለሽ። ንጋት እንዳትጠብቂ” አሏት። ከዚያም “አባቴ ዛሬ ሞተ” የሚለውን በቱርክኛ ያስጠኗት ጀመር። ሁለት ሳምንት ሙሉ፣ በሕይወት ያለ አባቷ ፊት፣ በየቀኑ አስባሏት። ስታለቅስ “ማልቀሱን ተይና ድምፅሽን ዝቅ አድርጊው፣ እንደሱ አይባልም” እያሉ አረሟት።

ሰኞ ጥር 18 ቀን 2018 ዓ.ም. ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ በተወለዱ በስድሳ ዓመታቸው አረፉ። ምሕረት ስምንት ሰዓት ከሩብ ላይ ደወለች። ድምፅዋን ዝቅ ማድረጉ አልሆነላትም። አቶ ሪዛ ግን አስተርጓሚ አላስፈለጋቸውም፤ ዛሬ ከአስከሬኑ ራስጌ ከናትናኤል ጎን ቆመዋል።

አቶ ስዩም ባለቤታቸውን ወ/ሮ ጽጌን፣ ሦስት ልጆቻቸውን፣ አምስት የልጅ ልጆቻቸውንና በሰዓቱ የደረሱ አንድ ወንድማቸውን ትተው ሄደዋል። የሰውን ልሳን ሁሉ የሚሰማ አምላክ ነፍሳቸውን በደጋጎቹ አባቶች ማረፊያ ያኑርልን፤ ለቤተሰባቸው፣ ለቅሬያቸው፣ ከሩቅ ለመጡትም መጽናናትን ይስጥልን።