የእማዬ ድምፅ

ውድ ወንድም ጋሼ፣

እማዬን ከቀበርን ሦስት ሳምንት ሆነን። ሬሳ ሳጥኑን አቅፈህ ስታለቅስ ያየህ ሁሉ «እንዲህ ነው እንጂ ልጅ!» ሲል ሰምቻለሁ። ይህን የምጽፍልህ ግን ላጽናናህ አይደለም።

የቀበሌ ምክር ቤቱ ምርጫ ዕለት እማዬ ዓይኗ ስለማያይ ረዳት ያስፈልጋት ነበር። አንተ ዕጩ ስለሆንክ አልተፈቀደልህም፤ እጇን ይዤ ከመጋረጃው ጀርባ የገባሁት እኔ ነኝ። ተፎካካሪህ አዋላጇ በአሥራ አንድ ድምፅ በለጠችህ። በማግስቱ ጫማህን እንኳ ሳትጠርግ ገባህ።

«እማዬ፣ ማንን መረጥሽ?»

«እሱን እግዚአብሔር ያውቃል።»

«ልጅሽ ነኝ እኮ የምጠይቅሽ!»

«ኅሊና ሁለት ሰው የማይገባበት ጓዳ ነው ብለህ ያስተማርከን አንተ አይደለህ? ታዲያ አሁን ምን በር ያስደበድብሃል?»

ዞረህ አየኸኝ። ሳህን እያጠብኩ ነበር፤ ዝም አልኩ። አንተም እንዳልመረጠችህ የገባህ መሰለህ።

ከዚያ በኋላ ያለውን እሑድ ሁሉ ታውቀዋለህ። ካህን ባትሆንም፣ በካቶሊክ ሥርዓታችን አባ ፈቅደውልህ፣ ከቅዳሴ በኋላ ቅዱስ ቁርባን ለበሽተኞችና ለደካሞች በየቤቱ የምታደርሰው አንተ ነህ። እማዬ ንጹሕ ሻርፗን አድርጋ፣ ሻማ አስለኩሳኝ፣ አልጋዋ ጫፍ ላይ ቁጭ ትላለች። ኮቴህ በመስኮታችን ሥር አልፎ የጎረቤታችንን የልብስ ሰፊውን በር ሲያንኳኳ ትሰማለች። «ዛሬ ቸኩሎ ነው» ትለኛለች። ስድስት እሑድ ቸኮልክ። ለአባ ልንገራቸው ብላት «ወንድምሽን እንዳታዋርጂው» ብላ አስማለችኝ። በሰባተኛው ሳምንት ሐሙስ፣ ሳትቆርብ ሞተች።

አሁን ስማኝ። እማዬ የመረጠችው አንተን ነው። «ተሳስቷል፤ ግን ልጄ ነው። ወንበሩን ሲያገኝ ልቡ ይመለስ ይሆናል» አለችና ጣቷን በስምህ ላይ አስቀምጬላት አማተበች። ምልክቱን ያደረግሁላት በዚህችው እጄ ነው።

አንተን ያልመረጥኩህ እኔ ነኝ። ከቤተ ክርስቲያናችን ጀርባ ያለውን የአረጋውያን መጠለያ አፍርሰህ ቤታችን ለመጡት ነጋዴዎች የመኪና ማቆሚያ ልታደርግላቸው ቃል ስትገባ፣ ሻይ የማቀርበው እኔ ነበርኩ። በማግስቱ ደግሞ «ካቶሊክ ካቶሊክን ይምረጥ» እያልክ በየቤቱ ዞርክ። አባ ግን «ዕጩው የት እንደሚሳለም ሳይሆን ደካማውን የት እንደሚጥለው ጠይቁ» ብለውን ነበር። ጠየቅሁ። አዋላጇ የእኛ ቤተ ክርስቲያን ሰው አይደለችም፤ የመጠለያውን ሽማግሌዎች ቁስል የምታጥበው ግን እሷ ናት። እሷን በመምረጤ ዛሬም አልጸጸትም።

የምጸጸተው በዝምታዬ ነው። «አንተን ነው የመረጠችው» ብልህ ኖሮ በመጀመሪያው እሑድ ቁርባኑን ይዘህላት ትመጣ ነበር። የረዳት ምሥጢር አይወጣም ብዬ ራሴን ሸነገልኩ። እውነቱ ግን እስከ የት እንደምትወርድ ማየት ፈልጌ ነው። አንተ ቁርባን ነሳሃት፤ እኔ በእሷ ረሃብ ፈተንኩህ። የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው ይላሉ፤ እኔና አንተ ግን አንድ ሆነን ወጣን።

እኔ ኃጢአቴን ለአባ ተናዝዣለሁ። አንተ ያንተን ታውቃለህ።

በሚቀጥለውም ምርጫ ትወዳደራለህ ሲሉ ሰማሁ። ያኔ የደጋፊዎችህን ስም ስትጽፍ እማዬን ሰርዛት። ምን ብታደርጋትም የማትከዳህ እሷ ብቻ ነበረች።

የማትመርጥህ እህትህ