ከመንገዱ ማዶ የሚነበብ ጽሑፍ

ለምወድህም ለምቆጣህም ታናሽ ወንድሜ፣ ለነጠብጣብ፤

ከራስ ፀጉርህ እስከ እግር ጥፍርህ እንደምን ሰነበትክ? ቀኑን ሙሉ አቀርቅረህ ከመዋል ያተረፍከው የማጅራት ሕመም ተሻለህ ወይ? ባለቤትህስ ያ ሳል ለቀቃት? ትንሿስ ጥርስ አበቀለች? አባባ ስለ ጥርሷ በየቀኑ ይጠይቁኛል፤ እኔም የማላውቀውን «አዎ፣ ሁለት ከታች» እያልኩ እመልሳለሁ። እባክህ ውሸታም ሆኜ ሳልገኝ ቶሎ እንድታበቅል ምከራት። እኛ ከአባባ ዓይን በቀር ሁላችንም ደህና ነን። የዛሬው ደብዳቤ የሚያወራው ስለዚያው ዓይን ነው፤ ስላንተም ሥራ ነው። አትደንግጥ፣ መጨረሻው ደህና ነው።

በስልክ ያልነገርኩህ ወድጄ አይደለም። በስልክ ስነግርህ «እሺ እታለም፣ እሺ» ትልና ነገሩ በአንዱ ጆሮህ ገብቶ በሌላው ይወጣል። ወረቀት ግን ጠረጴዛህ ላይ ቁጭ ብሎ ያፈጥጥብሃል። ጎረቤታችን ሰዓት ጠጋኙ ነገ ወንድሙን ሊጠይቅ ወደ እናንተ ስለሚሄድ በእሱ እጅ ልኬልሃለሁ።

አባባ የዓይን ሞራቸውን ለማስገፈፍ ተራ ከያዙ አሥራ አንድ ወር እንደሆናቸው ታውቃለህ። ቀኙ ከከዳቸው ቆይቷል፤ በግራው ደግሞ አሁን የሚለዩት ብርሃንና ትልልቅ ነገር ብቻ ነው። ባለፈው ሳምንት ሰኞ ጠዋት ከክሊኒኩ በስልኬ መልእክት ገባ። ተራቸው ደርሷል፤ ነገር ግን እስከ ዓርብ አሥራ አንድ ሰዓት ድረስ ድረ ገጹ ላይ ገብተው ካላረጋገጡ ቦታው ለሚቀጥለው ሰው ይሰጣል ይላል። እንደገና መመዝገብ ማለት ሌላ አንድ ዓመት መጠበቅ ነው፤ ሐኪሙ ደግሞ ይኼ ግራ ዓይን አንድ ዓመት እንደማይጠብቀን ቁርጡን ነግሮናል። እኔም አንድ ነገር መንካት ምን ችግር አለው ብዬ አባባን ከስፌት መኪናዬ አጠገብ አስቀመጥኳቸውና ስልኬን ከፈትኩ። ያን ቀን አንተ የላክህላቸውን ሰማያዊ ሹራብ ለብሰው ነበር፤ ያንን ደረቱ ላይ የመሥሪያ ቤትህ ምልክት፣ ጀርባ ለጀርባ የተጣበቁ ሁለት ቅጠሎች ያሉበትን። ሹራቡን አደራ እንዳትረሳው፣ ኋላ እመለስበታለሁ።

ገጹ ሲከፈት ምን ያምራል መሰለህ! አንዲት ዓይኗ የጠራ ሴት አረንጓዴ ሜዳ ላይ ቆማ ትስቃለች። ጽሑፉ ግን ነጭ ጨርቅ ላይ አመድ የበተኑበት ይመስላል። እኔ ያለ መነጽር መርፌ ውስጥ ክር የማስገባው ሴትዮ ስልኩን ወደ መስኮቱ ይዤ ሄድኩ። እንደምንም ገባንና የልደት ዓመት ተጠየቅን። ዝርዝሩ የሚጀምረው ከዘንድሮ ነው፤ ሞራ ሊያስገፍፍ የሚመጣ ሰው ዘንድሮ የተወለደ ይመስል! በአውራ ጣቴ ሰባ ስድስት ዓመት ወደ ኋላ ተጓዝኩ። አባባ የት ደረስሽ ሲሉኝ እርስዎና እናታችን የተጋባችሁበት ዓመት ላይ ነኝ አልኳቸው፤ እዚያ ጋ ትንሽ ቆዪልኝ ብለው ሳቁ። ስንጨርስ ደግሞ ሮቦት አለመሆናችንን እንድናረጋግጥ ታዘዝን፤ ዘጠኝ ደብዛዛ ፎቶ ደረደረና ደረጃ ያለባቸውን ምረጡ አለን። ለዓይን ሕመምተኛ እኮ ነው! አባባ ነገሩን ሳስረዳቸው፣ ሮቦት ብሆንማ ዓይኔን ፈትቼ እቀይረው አልነበር ወይ አሉ። በዚህ ስንስቅ «ጊዜዎ አልቋል» ብሎ የጻፍነውን ሁሉ ጠራርጎ ወሰደው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እኛ ሳንቸኩል ለቀምን።

ሦስት ጊዜ አፍሰን ሦስት ጊዜ ለቅመን የመጨረሻው ገጽ ላይ ደረስን። ስማቸው አለ፣ ቀኑ አለ፣ የሐኪሙ ስም አለ። ከላይ «ለማረጋገጥ ከታች ያለውን ይጫኑ» ይላል። ከታች ምንም የለም። ከታች ያለው «የእርስዎን ምቾት ለመጨመር እንተጋለን» የሚል ሰፊ ነጭ ጥብጣብ ብቻ ነው። እሱን ስነካው ማንበብ የማይቻል ረጅም የሕግ ነገር ይከፈታል። ኔትወርኩ ነው ብዬ ስልኩን አጥፍቼ አበራሁት፤ እንደ ቴሌቪዥናችን ጀርባውን መታ መታ አደረግሁት። ያው ነው።

ማክሰኞ ራሳችን እንሂድ ብለን ክሊኒኩ ሄድን። ከመንገዱ ማዶ ቆመን መኪና እስኪያልፍ ስንጠብቅ አባባ በግራ ዓይናቸው አጮልቀው፣ «መግቢያ» የምትለው አሁንም አለች አይደል አሉኝ። ያቺ ራሳቸው ቢጫ ላይ በጥቁር የጻፏት፣ ቀስቷ ወደ በሩ የምታመለክተው ሰሌዳ! ሃያ ሁለት ዓመት ሆኗት ዓይነ ስውር ሊሆኑ አንድ ሐሙስ የቀራቸው ሰውዬ ከመንገድ ማዶ ለዩዋት። ታስታውስ የለ? አንድ ሰሌዳ ጽፈው ሲጨርሱ ብሩሻቸውን እንኳ ሳያጥቡ መንገዱን ይሻገሩና ማዶ ቆመው የመጀመሪያውን መንገደኛ፣ በተለይ የቸኮለ ወይ ሸክም ያጎበጠውን፣ አስቁመው «እስቲ አንብብልኝ» ይሉት ነበር። ሰውዬው ከተደናገረ፣ ጥፋቱ የብሩሼ ነው ብለው ተመልሰው ይፍቁታል። አንተ የቀለም ቆርቆሮውን ተሸክመህ ስትከተላቸው ነው ልብስህ ሁሉ ቀለም ሆኖ ነጠብጣብ የተባልከው። የመጀመሪያ ሰሌዳህን ለጫማ ሰፊው ስትጽፍ ቦታ አልቆብህ የመጨረሻዋን ፊደል እንደ ዝንብ አሳንሰህ ጥግ ውስጥ ስትወሽቃት እንኳ ሳቁ እንጂ አልተቆጡህም።

የክሊኒኩ ጥበቃ ጨዋ ሰው ነው፤ ወንበር አምጥቶ አባባን አስቀመጣቸው። የካርድ መስኮቱ ግን ተዘግቷል፤ ካርድ የምታወጣዋ ሴትዮም ወደ ሌላ ክፍል ተዛውራለች። ሁሉም ነገር በድረ ገጹ ሆኗል አለን። እኔ እንደ በርበሬ ቀልቼ ድረ ገጹ አይሠራም ስለው፣ ድረ ገጹ አይሠራም ለማለት የሚሞላ ቅጽ እዚያው ድረ ገጹ ላይ አለ አለኝ። እሱም ሲናገረው ሰምቶት ሳቁ መጣበት።

ወንድሜ፣ እዚህ ላይ ንዴቴ በረደና አንድ ሌላ ነገር ያዘኝ። እኔ ሞኝ ነኝ ወይስ ሰው ሁሉ እንዲህ ነው? ይህን ማወቅ አማረኝ። ረቡዕና ሐሙስ ልብስ ሊያሰፋ የመጣውን ሁሉ ልኩን ከመውሰዴ በፊት ስልኩን አስይዘው ጀመር። አንድም ቃል አልናገርም፤ ጣቱ የት እንደሚሄድ ብቻ አያለሁ፣ ከልክ ደብተሬ ጀርባ ላይም እጽፋለሁ። ጎረቤታችን ፀጉር አስተካካዩ በቀጥታ የሴትዮዋን ፎቶ ነካ፤ ለምን ስለው የምታየው እኔን ስለሆነ ነው አለ። ጡረታ የወጣችው አስተማሪ ነጩን ጥብጣብ ከነሕጉ አንድም ሳታስቀር አንብባ ጨረሰችና ሰዓት አልቆባት ተባረረች። ባንክ የምትሠራዋ ደንበኛዬ፣ ያቺ ጣቷ ቁልፎች ላይ እንደ ዝናብ የሚወርደው፣ እሷ እንኳ ሦስት ጊዜ ወደ ታች ስባ ስባ ስልክሽ ተበላሽቷል ብላ ፈረደች። የገረመኝ ምን እንደሆነ ታውቃለህ? ስድስት ሰው ሞከረ፤ አምስቱ ይቅርታ ጠየቁኝ። ገጹ አስቸገራቸው፣ እነሱ አፈሩ። ኮት እጅጌው ቢያጥርበት ክንዴ ረዝሞ ነው ብሎ ይቅርታ የጠየቀኝ ደንበኛ እስከ ዛሬ የለም።

ዓርብ ደረሰ። ስምንት ሰዓት ሆነ፣ ዘጠኝ ሆነ። እውነቱን ልንገርህ፣ ሳልታይ ጨርቅ መደርደሪያው ጀርባ ሄጄ አለቀስኩ። አባባ ግን ገጹ ላይ ምን ምን እንዳለ፣ የቱ ከየቱ በላይ እንደሆነ አንድ በአንድ እንድነግራቸው ጠየቁኝ። ነገርኳቸው። ከዚያ ስልኩን ተቀብለው በአውራ ጣታቸው ጠርዙን እየዳሰሱ፣ ቦታ ያነሰው ጸሐፊ ያስቸገረችውን ነገር የሚወሽቃት ጥግ ውስጥ ነው አሉና የነጩን ጥብጣብ ቀኝ ጥግ ተጫኑ። ጥብጣቡ ብን ብሎ ጠፋ! ከሥሩ ምን ቢኖር ጥሩ ነው? «አረጋግጥ» የሚል ቁልፍ። ለካ ጥብጣቡ ቁልፉ ላይ ተኝቶበት ነበር፤ መዝጊያዋም ከሰሊጥ ያነሰች፣ ነጭ ላይ ነጣ ያለች ምልክት ኖራለች። ዓይን ያለን ሰባት ሰዎች ያጣናትን ዓይን የሌላቸው አገኟት። ከአሥራ አንድ ሰዓት በፊት፣ አርባ ደቂቃ ሲቀረው፣ ተረጋገጠ። እኔ አንገታቸው ላይ ተጠመጠምኩ፤ እሳቸው ለብቻቸው ፈገግ አሉ።

አሁን ወደ ሹራቡ ልመለስ። ከተረጋገጠ በኋላ ገጹን እስከ ታች ሳወርደው፣ መጨረሻው ላይ ማን እንደሠራው የሚናገር ትንሽ ምልክት አየሁ። ጀርባ ለጀርባ የተጣበቁ ሁለት ቅጠሎች። ቀና ብዬ የአባባን ደረት አየሁ። ጎንበስ ብዬ ስልኩን አየሁ። ባለፈው ዓመት ለዓይን ክሊኒክ ገጽ እየሠራሁ ነው፣ አባባ እንዳስተማሩኝ የማይጮህ ጽሑፍ አድርጌዋለሁ ያልከኝ ትዝ አለኝ። ምነው ወንድሜ! ጥሩ ጽሑፍ አይጮህም ማለታቸው እውነት ነው፤ አንተ ግን ግማሹን ትምህርት ይዘህ ሄደህ ግማሹን እዚህ አስፋልት ላይ ጥለኸው ነው።

ስድብ እንዳይመስልህ፤ ከልቤ ማወቅ ስለፈለግሁ ነው የምጠይቅህ። ሥራችሁን ስትጨርሱ ማን ላይ ትለኩታላችሁ? እኔ ቀሚስ በክር ያዝ ያዝ አድርጌ ደንበኛዬን ሳላለብስ፣ እስቲ ተቀመጪ፣ እስቲ እጅሽን አንሺ ሳልል ጨርሼ ሰጥቼ አላውቅም። እናንተ ጋ እንዲህ ዓይነት ቀን አለ ወይ? ያን ጥብጣብ ማን አምጥቶ ለጠፈው? አንተ ስትሠራው ትልቅ የኮምፒውተር መስታወት ላይ እያየህ ቁልፉ አልተሸፈነብህ ይሆን? ወይስ አለቃህ ጨምር ሲልህ ተከራክረህ ተሸንፈህ ነው? ከሆነም ንገረኝ፣ እኔም እኮ ደንበኛ ኪስ አታድርጊበት እያለ የሚያስጨንቀኝ ጊዜ አለ። ከልክ ደብተሬ ጀርባ የጻፍኩትን ቀድጄ ከዚህ ጋር አያይዤልሃለሁ፤ የስድስቱ ሰዎች ጣት የሄደበት ሁሉ አለበት።

ቀዶ ሕክምናው የዛሬ ሦስት ሳምንት ነው። አባባ ፋሻው ሲነሳ መጀመሪያ ምን ማየት ይፈልጋሉ ብዬ ብጠይቃቸው ከልጅ ልጃቸው ፎቶ ቀጥሎ የልጄን ሥራ አሉኝ፤ አንድም ቀን አይቼለት አላውቅም፣ የሠራውን ገጽ ይላክልኝ ብለሽ ጻፊለት ብለውኛል። የትኛው ገጽ እንደሆነ አልነገርኳቸውም። አንጀቴ አልቻለም። እንግዲህ ሃያ አንድ ቀን አለህ።

ባለቤትህን ሳምልኝ፤ ለሳሏ የሚሆን የአንገት ልብስ ሠርቼላታለሁ፣ ሰዓት ጠጋኙ ይዞታል። ትንሿን ጉንጯንም ድዷንም ሳምልኝ። ባለቤቴ ሰላም ይልሃል፤ እሷ ስልኩን ሰብሬ ልጣለው ስትል የከለከልኳት እኔ መሆኔን እወቅልኝ ብሏል። ፀጉር አስተካካዩም ሰላም ብሎሃል፤ ሴትዮዋ ባለትዳር መሆን አለመሆኗን ይጠይቅሃል። አባባ ዓይንህን ይጠብቅልህ ይሉሃል።

አክባሪህ ሳይሆን አሳዳጊህ፣ እህትህ እታለም
ከስፌት ቤቱ፣ ከመስኮቱ ሥር
ማክሰኞ፣ የካቲት ፲፩ ቀን

ይህን ጽፌ ፖስታውን ላሽግ ስል አባባ ቆይ አሉኝ። እኔም ለልጄ እጽፋለሁ ብለው የጨርቅ ማስመሪያ ወፍራም ጥቁር እስክርቢቶዬን ተቀበሉኝና የወረቀቱን ጀርባ በእጃቸው ዳስሰው ለኩት። እኔ ጨርቅ ላስቀምጥ ወደ በሩ ሄድኩ። ያን ጥግ እንዴት እንዳገኙት፣ ለምን ለብቻቸው ፈገግ እንዳሉ የገባኝ ዞር ስል ነው፤ ለካ ያሳደጉትን እጅ በጥፋቱ ለይተውታል። የጻፉት ሦስት ቃል ነው፣ እያንዳንዱ ፊደል አውራ ጣት ያህላል፦ «ልጄ፣ መንገዱን ተሻገር።» ከክፍሉ ማዶ፣ ከበሩ ላይ ቆሜ አነበብኩት።